የመስኮቱ ወንበር

ለኅዳር ጽዮን ከመቐለ ወደ አክሱም የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ከመስኮቱ ጎን ያለውን ቦታ በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ሊቀመጥ የሚጠጋውን ሁሉ በከዘራቸው ያባርራሉ። የኮታቸው አንገትጌ አልቋል፤ ጫማቸው ግን ተወልውሎ ያበራል። ከኋላቸው የተቀመጠችው መምህርት ዳግማዊት ሰውየውን ባታውቃቸውም ንዴታቸው አስፈራት።

አንዲት ሴት እያለከለከች ገብታ ጋቢውን አነሳች።

«አቦይ፣ እዚህ ልቀመጥ።»

«ኋላ ሂጂ! የወንድምሽ ቦታ ነው። ከልጅነታችሁ ጀምሮ ጽዮንን ልንሳለም ስንሄድ እዚህ ነው የሚቀመጠው።»

«ከጦርነቱ አልተመለሰም እኮ! እስከ መቼ ባዶ ወንበር ይዘን እንሄዳለን? እኔም ልጅዎ ነኝ። በሕይወት ስላለሁ ነው ኋላ የምቀመጠው?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨብጠው ብድግ ሲሉ ዳግማዊት ልጃቸውን ሊመቷት ነው ብላ ተሳቀቀች። እሳቸው ግን ራሳቸው ወደ መስኮቱ ተጠጉና የለቀቁትን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ተቀመጪ እንግዲህ!» ብለው ጮኹ።

ልጅቱም እንደ ተቆጣች ተቀመጠች። ውቅሮ እስኪደርሱ አንዳቸውም ፊታቸውን አልፈቱም፤ የተነካካ ትከሻውን ያራቀም ግን አልነበረም።