መብራት የሄደበት ካሴት

አሌክስ ከጅማ ሲደውል በከር የአንድ ሬዲዮ ክዳን ፈቶ ብሎኖቹን ቆርኪ ውስጥ እያስቀመጠ ነበር።

«ጋሽ በከር፣ ጌጃ ሰፈር ሊፈርስ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«የእኛ ተራ የዚህ ወር መጨረሻ ነው።»

«ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ። ያቺን ሳጥን እወስዳታለሁ፤ ዕቃ ስታነሳ እንዳትጠፋብህ።»

በከር «እሺ» ብሎ ዘጋው። ሳጥኗ መደርደሪያው ሥር አለች። ውስጧ ግን ስድሳ የካሴት ሽፋን ወረቀት እንጂ አንድም ካሴት የለም። የጨረሳቸው ራሱ በከር ነው።

በ1990 ዓ.ም. አሌክስና ሁለት ጓደኞቹ ከበከር ሱቅ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ይለማመዱ ነበር። ጊታሩ ሲመታ ድምፁ ይጎተታል፣ ይደራረባል፣ ክፍሏን ይሞላል፤ የአሌክስ ዘፈን ከሥሩ፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ይሰማል። አሌክስ ሲጫወት ሰው አያይም። አንገቱን ደፍቶ እግሩ ሥር የተደረደሩትን የድምፅ ማወፈሪያ ሳጥኖች ይረግጣል፤ ሽቦአቸውን የበየደው በከር ነው። የሰፈሩ ልጆች በመስኮት፣ «አሌክስ፣ ጫማህ ጠፋ እንዴ?» ይሉት ነበር።

ካሴት አሳተሙ። ያከፋፈለላቸው ሙዚቃ ቤት በሁለት ወሩ የተረፈውን መለሰ። ባለቤቱ «ወንድሜ፣ ይሄ ያስተኛል» አለ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመረም። ባንዱ ተበተነ። አሌክስ ጅማ የመንግሥት ሥራ ሲያገኝ ሳጥኗን «አደራ» ብሎ ለበከር ሰጠ። ለራሱ የያዛትን አንዲት ካሴት ጅማ ሳለ ቴፕ በላበት። ዋናው ቅጂም ስቱዲዮው ሲዘጋ የገባበት ጠፋ።

በከር ዕቃ የሚጥል ሰው አይደለም። ባለቤቱ ያልመጣለትን ሬዲዮ ሦስት ዓመት ያስቀምጣል። ግን በ1993 የረመዳን ሰሞን ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፋ፤ ከወሎ የመጣ አንድ መንዙማ ደግሞ ሰው ሁሉ ቅዳልኝ ይለው ጀመር። «አንዷን ልውሰድና እተካታለሁ» አለ። ታትሞ የሚሸጥ ካሴት ከጀርባው ጥርሱ የተሰበረ ነው፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም። በፕላስተር ደፈነውና ቀዳ። ከዚያ ሁለተኛዋን፣ ከዚያ አሥረኛዋን። ባዶ ካሴት ገበያ ሲመለስ ሳጥኗ አልቃለች። በባዶ ካሴት ደግሞ አደራ አይተካም።

ከሰኞ ጀምሮ የድሮ ደንበኞቹን ቤት ዞረ። ገሚሱ ቤት ፈርሷል፤ ገሚሱ ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ሰንጋ ተራ ያገኘው አንዱ፣ «ካሴት? በከር፣ ሰው በፍላሽ ይሰማል፤ አንተ ከየት ነቃህ?» አለው። ሁለት ካሴት አገኘ። መንዙማው ካበቃ በኋላ ከአሌክስ ዘፈን የተረፈው ሦስት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያውም የአንዱ ዘፈን ጭራ።

ሐሙስ ጉልበቱን ይዞ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ዘይቱና ትዝ አለችው። ተክለ ሃይማኖት ቅመም የምትሸጥ ናት። የሷን ካሴት ሲቀዳ የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሶ ሁለተኛውን እንደጀመረ መብራት ሄደ። ቸኩላ ነበርና «ነገ አምጪያት፣ እጨርስልሻለሁ» ብሎ ሰጣት። ስታመጣለት ነገ አላት። በማግስቱም ነገ።

ወደ ቅመም መሸጫዋ ሲሄድ ገና ከሩቅ አይታው፣ «በከር፣ መብራቱ መጣልህ?» አለችው።

«መጣ፣ እት ዘይቱና።»

«ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ከቆቃ ግድብ በእግሩ ነው የመጣው?»

«ካሴቷ አለችሽ?»

«የት ትሄዳለች። የልጅ ልጆቼ በሷ ነው የሚተኙት።»

«በመንዙማው?»

«መንዙማውን የምሰማው እኔ ነኝ። መብራቱ የሄደበት ጋ ስትደርስ ዝናብ የሚመስል ነገር አለ፤ ውስጡ ሰው ይጣራል። መጀመሪያ ያበላሸህብኝ መስሎኝ ረግሜህ ነበር። ልጆቹ ግን እሱ ካልተከፈተ አይተኙም።»

በከር የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «አውሺኝና ቅዳሜ ልመልሳት።»

«ነገ ብትል አልሰጥህም ነበር። ቅዳሜ ካልክ ውሰድ። የቀረውንም መንዙማ ሞልተህ ነው የምታመጣት።»

አሁንም «እሺ» አለ።

ዓርብ የቴፑን ላስቲክ ቀየረ፤ ማንበቢያ ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ጠረገ፤ የካሴቷን ክር በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠነ። ከዚያ ዘፈኖቹን በአዲስ ካሴት ቀዳቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሌክስ መጣ። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሳጥኗን ከፍቶ አንድ ወረቀት አነሳ፤ ሌላ አነሳ።

«ካሴቶቹስ?»

በከር ያዘጋጀውን መግቢያ ተወው። «መንዙማ ቀዳሁባቸው። ስድሳዎቹንም።»

አሌክስ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «አደራ ነበር ያልኩህ፣ ጋሽ በከር።»

«አዎ።»

«ባዶ ካሴት አጥተህ?»

«መጀመሪያ አጥቼ። በኋላ ለምዶብኝ።»

በከር የዘይቱናን ካሴት አስገብቶ ቁልፉን ተጫነ። መንዙማው ሁለት ደቂቃ ሄደና ቃል መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ጊታሩ ገባ። አሌክስ አንገቱን ደፋ። አራት ዘፈን፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ፣ ከጫማው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«የመጀመሪያው ገጽ የለም» አለ ሲያልቅ።

«የለም።»

«ጥሩዎቹ እዚያ ነበሩ።»

«አውቃለሁ።»

በከር ካሴቷን የት እንዳገኛት ነገረው፤ የልጆቹንም ነገር፣ ዘይቱናን «ነገ» እያለ ማመላለሱንም።

«ሰውየው ያስተኛል ብሎ ነበር» አለ አሌክስ። ሊስቅ ጀምሮ ተወው። በከር የቀዳለትን ካሴት ተቀብሎ ኪሱ ከተተ፤ አላመሰገነም። የዘይቱናን አገላበጣት። «መንዙማውን ልትጨርስላት ነው?»

«በሌላ ካሴት እቀዳላታለሁ።»

«በዚችው ላይ ካለችህስ?»

በከር ካሴቷን ተቀበለው። በጥፍሩ የፕላስተሩን ጫፍ ፈለገ። ደርቆ ነበርና ተቆራርሶ ነው የወጣው፤ ሙጫውን በአልኮል ጠረገ። ካሴቷን ቴፑ ውስጥ መልሶ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ። ቁልፉ አልወረደም።

«ከእንግዲህ አይቀዳባትም» አለ።

አሌክስ ሳጥኗን ከነወረቀቷ ብብቱ ሥር አድርጎ ተነሳ። «ተክለ ሃይማኖት አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ልጆቹን ልታይ?»

«አይደለም። አንተ ነገ እንዳትላት ነው።»