የወንድሜን ስም የጻፍኩበት ፎርም

ባለፈው ሳምንት ኮሌጅ ውስጥ መምህራችን ሴት ልጆች ከሳይንስ የሚርቁት ለምን እንደሆነ ጠየቁን። ከፊቴ የተቀመጠ ተማሪ፣ «ከልጅነታቸው ጀምሮ አይወዱትም» አለ። እኔም ሰው ላለማስቀየም እንደ ልማዴ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ወደምንኖርበት ከተማ ወደ ኦሮራ በሚመለሰው ባቡር ላይ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ሦስተኛ ክፍል ነበርን፣ እኔና መንትያ ወንድሜ ናቲ። ውጭው በረዶ ነው። መምህርታችን ባትሪ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል አደለችን። ናቲ ሽቦውን ጠምጥሞ ቀለበት ሠራበት። የእኔ አምፖል በራች። የምሳዬ ፍርፍር እስኪደርቅ ድረስ ሳበራትና ሳጠፋት ዋልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ መምህርታችን ደብዳቤ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳይንስ ክበብ አለ፤ ከክፍላችን ለአንድ ልጅ ብቻ ቦታ ስላለ እኔን መርጣኛለች። ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ወረቀት የማነበውም ፎርም የምሞላውም እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ይፈርማል። ያን ቀን ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ ከሚሠራበት የመኪና ፓርኪንግ ቤት ገብቶ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

«ምን ይላል ሳሪዬ?»

«ሳይንስ የሚወድ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ ይላል።»

ፊቱ በራ። «አላልኳችሁም? ና እስቲ አንተ ኢንጂነር!»

«ኖ ዌይ! ቅዳሜ ካርቱን አለ» አለ ናቲ ከሶፋው ላይ።

«ዝም በል! ለእሱ ነው አይደል፣ ሳሪ?»

አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። «አዎ አባዬ» አልኩና በስሙ ቦታ ላይ የወንድሜን ስም ጻፍኩ።

መምህርታችን ፎርሙን አይታ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«ሳይንስ አልወድም» አልኳት።

ናቲ ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀሰ መኪና ውስጥ ይገባል። ሲመለስ ምን እንደሠሩ እጠይቀዋለሁ። «አይ ዶንት ኖው፣ ማግኔት ምናምን» ይለኛል። እኔም ውሸቴ እንዳይታወቅ ክፍል ውስጥ በሳይንስ ሰዓት እጄን ማውጣት ተውኩ።

የዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲመጣ ለአባቴ አነበብኩለት። «ሳሮን ለሳይንስ የነበራት ፍላጎት ቀንሷል ይላል።» ይህን አንድም ቃል ሳላዛንፍ ተረጎምኩ።

አባቴ ፀጉሬን ዳሰሰኝ። «ግድ የለም የኔ ልጅ። ሴቶች እኮ ቶሎ ይሰለቻቸዋል።»

ደብዳቤው ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም። ያ ከፊቴ የተቀመጠው ተማሪ የተናገረው እኔ በስምንት ዓመቴ ለመምህርታችን የነገርኳትን ነው። እሷ አመነችኝ፤ እየቆየ እኔም አመንኩት። ባቡሩ ውስጥ ሽቦው ከባትሪው የት የት ላይ ይነካ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ጠፋኝ።