ማንም አልሞተም፣ እማዬ ናት የምትሮጠው

ባለፈው ሳምንት እማዬ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ገና ከበሩ «ግፊቴ ወርዷል!» እያለች ነው የገባችው። ሐኪሙ «ምን ብታደርጊ ነው?» ቢላት «ሮጬ ነዋ!» አለችው። ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ሰፈሩን ሁሉ ያስደነገጠችበትን የመጀመሪያ ቀን ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

አምና ነው። እማዬ አዳማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስለምትሸጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውላለች። ማታ ስትገባ እኔና ታናሽ እህቴ ሲፈን ስልካችን ላይ ተጎልተን ታገኘናለች። «ኧረ ተነሱ፣ ተንቀሳቀሱ!» ትለናለች፣ ራሷ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ። አንድ ቀን ሲፈን ቀና እንኳን ሳትል «አንቺስ?» አለቻት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ ግፊት እንዳለባት ነግሯት ነበር። «በቃ፣ ጠዋት እንሮጣለን» አለች።

ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሰችን። ሲፈን ብርድ ልብሷን ተከናንባ እምቢ አለች። እማዬ የአባዬን ጥቁር ቱታ ለበሰች፤ ሰው እንዳያያት አፍራ ከላይ ነጠላ ደረበች። አስፋልቱ ላይ ነጠላው አላስሮጥ ሲላት ወገቧ ላይ አስራው ሮጠች። እኔም ከኋላ ከኋላ።

ለካ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲወጡ አይተውናል። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሴት በማለዳ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የምትሮጠው ሰው ሲሞትባት ነው። አባዬ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር።

ስንመለስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። የእድሩ አግዳሚ ወንበር ወጥቷል። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። እማዬ ይህን ስታይ ወደ እሳቸው ሮጠች።

«ምን ሆነብኝ? ኧረ ንገሩኝ!»

«እኛን ትጠይቂናለሽ? እያለቀስሽ ስትሮጪ አይቼሽ የለ!»

«ኧረ እትዬ፣ ላብ ነው! ስፖርት እየሠራሁ ነው!»

ማንም አላመናትም። እማዬም አባዬ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን ብላ መጠራጠር ጀመረች። አባዬ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ... «ሄሎ» ሲል እማዬ ከእጄ ነጥቃ «አለህ?» ብላ ጮኸች።

«ሞጆ ቁጭ ብዬ ፍርፍር እየበላሁ ነው፤ ምነው?» አለ። ስንነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «በሉ ወንበሩን አትመልሱት፣ መጥቼ ለቀስተኞቼን ላመስግን!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «በዚህ ዕድሜሽ ለኦሎምፒክ ነው?» ሲል እማዬ ገብታ በሯን ዘጋች። በቃ፣ ሩጫው እዚያው አለቀ ብዬ አዘንኩ። ሲፈንም ቀኑን ሙሉ እማዬን በዓይኗ ስትከተል ዋለች።

በማግስቱ እዚያው ሰዓት «ተነሱ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ያንኑ ቱታ ለብሳለች፤ ነጠላውን ግን ትታዋለች። ሩጫ ከመጀመሯ በፊት የእትዬ ብርቄን በር አንኳኳች።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ማንም አልሞተም። ልሮጥ ነው።»

ዞር ስል ሲፈን ከኋላዬ ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነው።

ዛሬ እትዬ ብርቄ ራሳቸው በላስቲክ ጫማቸው «ቀስ በሉ እንጂ እናንተ!» እያሉ ይከተሉናል። የእማዬን ጥቁር ቱታ ሳይ አሁንም ሳቄ ይመጣል፤ ግን እንደዚያ ማለዳ ኮርቼባት አላውቅም። እናንተም እናታችሁን፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። አዳማ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ አስፋልቱ ላይ ተቀላቀሉን። ብቻ አደራ፣ ማታውኑ ለጎረቤት ተናገሩ።