የባለቤቴ እግር እና የእኔ ፍሪጅ

በድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ፍሪጅ የሚያውቅ ሰው ጥሩልን ብትሉ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ያወቅኩት የተበላሸ ፍሪጅ እየፈታሁ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው። የቤቴ ፍሪጅ በግንቦት ሙቀት እንኳ ድንጋይ የመሰለ በረዶ ይሠራል።

ባለቤቴ ስኳር አለባት። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሆስፒታል እንመላለስ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቁስሏን የምታጥብላት ነርስ ደግሞ ጠና ያለች ሴት ናት። አንድ ጠዋት ሐኪሙ የስኳሯን ውጤት አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«እማማ፣ ስኳሩ እንዲህ ከቀጠለ የእግር ጣትዎን እስከ መቁረጥ ልንደርስ እንችላለን። የኢንሱሊኑን መጠን ልጨምር ነው።»

ባለቤቴ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ።

ነርሷ ከቁስሉ ቀና አለች። «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ። እፊቴ ራሳቸውን እንዲወጉ አድርጌ አይቻለሁ፤ አይሳሳቱም። እኔ ያላማረኝ መድኃኒቱ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ የት ነው የሚያስቀምጡት?»

ደረቴን ነፋሁ። «ሲስተር፣ የድሬን ሙቀት ታውቂው የለ! እኔ እንደ ሌላው ሰው ፍሪጅ በር ላይ አልወትፍም። በረዶ ቤቱ ውስጥ ነው! መውጊያዋ ሲደርስ አውጥቼ አቀልጥላታለሁ።»

ሁለቱ ተያዩ።

«አባባ፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም» አለኝ ሐኪሙ። ቀጥሎ ለነርሷ፣ «መጠኑን ጨምሬ ደህናውን መድኃኒት ቢወጉት ኖሮ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። እንኳን አስቆምሽኝ» አላት።

«ስለሰሙኝ ነው ዶክተር። የማይሰማም አለ።»

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። «አቦ፣ የፍሪጅ ሊቅ! ጣቴን በበረዶ ልታስቆርጠኝ ነበር?»

አዲስ መድኃኒት ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ነርሷ ቁስሉ ላይ ያየችውን ለሐኪሙ ትነግረዋለች፤ እሱም እሷን ሳይጠይቅ መጠኑን አይነካም። የፍሪጅ ሞተርና ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት ቴርሞስታት እንኳ እንደነሱ ሲግባቡ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ቁስሉ ደረቀ። እኔም የሠራሁትን ልናገር። መድኃኒቱን ወደ መሃል መደርደሪያ አወረድኩ። የሙቀት መለኪያ አስገብቼ ጠዋትና ማታ አነባለሁ። በሰፈራችን እንደኔ ኢንሱሊን በረዶ ቤት የሚያስቀምጡ ሁለት ሰዎች አግኝቼ በገዛ እጄ አወጣሁላቸው፤ አዲስ እንዲታዘዝላቸውም ወደ ሐኪሙ ላክኋቸው። ሚስቴን አምስቱም ጣቶቿ እንዳሉ በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ወሰድኳት፤ በርበሬዋን ራሷ መርጣ ገዛች። ጥፋቴንም ለሐኪሙና ለነርሷ ፊት ለፊት አመንኩ፤ ይህን የሚደፍር የፍሪጅ ባለሙያ ከእኔ ሌላ አላውቅም።