ለጀልባዋ የሚመጥን መኪና

ሊንዚ ሆኪንግ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ሻይ ከመቅመሱ በፊት፣ የደረት ኪሱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። ኪሱ ውስጥ የጀልባዋ ውታፍ አለች። ከጀልባዋ ኋላ፣ ከታች በኩል፣ የገባ ውሃ የሚፈስባት አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ እሷን ሳይደፍን ጀልባውን ወደ ባሕር ያወረደ ሰው ታሪኩ በፖርት ሄሊ ከተማ በልጅ ልጆቹ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይነሳል። ሊንዚ ያ ሰው ላለመሆን ቆርጧል። ጀልባዋ ከተገዛች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕር ስላልነካች፣ ቁርጠኝነቱን የሚፈትነው ነገር አልገጠመውም ነበር።

የገዛት የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት አቁሞ ጡረታ በወጣ ሳምንት ነው። ትልቅ ናት። ግቢው ውስጥ ስትቆም የኩሽናው መስኮት ጨለመ፤ ሚስቱ ኖሊን ከዚያ ወዲህ ድንች የምትልጠው በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ ነው። ሻጩ በራሱ መኪና ጎትቶ አምጥቶ፣ ከነተጎታቿ አቁሟት ሄደ። የሊንዚ አሮጌ መኪና ባልና ሚስቱን ብቻ ጭኖ እንኳ ዳገት ላይ ያቃስታል። ስለዚህ መኪና መምረጥ ተጀመረ።

ከግቢው እስከ ባሕሩ ዳር ያለው መንገድ፣ ከዳቦ ቤት ፓስቲ የሚሉትን ትኩስ የሥጋ ዳቦ ይዞ የወጣ ሰው ሳይበርድበት የሚደርስበት ነው።

«ትራክተሬን ውሰድ» አለው ጎረቤቱ ክላሪ ፔንግሊ፣ አጥሩን ተደግፎ። ክላሪ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ሰማንያን ካለፈ፣ ጀልባውንም ከሸጠ ቆይቷል። ትራክተሩ ከዛፉ ሥር ቆሞ ዝገት ይበላዋል። የከተማው ሰው ግማሹ ጀልባውን በአሸዋው ላይ የሚያወርደው እንዲህ ባለ ትራክተር ነው።

«በዚህ ቁርጥራጭ? ይህችን የመሰለች ጀልባ?»

«አትቀየምህም። እሷ የምትፈልገው ውሃ ነው።»

«አይ፣ ደህና መኪና እገዛለሁ። ፎር ዊል።»

«እንግዲያው ቶሎ በል። ዓይኔ እየከዳኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ክላሪ ባሕሩ መሀል አንድ ቋጥኝ ያውቃል፤ ዋይቲንግ የሚባለው ዓሣ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋበትም። በዚያ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ቦታ የሚገኘው በምልክት ነው። ጀልባህ ላይ ቆመህ ወደ የብስ ትዞራለህ፤ የስንዴ ጎተራው ከአንድ ጥድ ጋር ሲገጥም፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ከሌላ ነገር ጋር ሲገጥም፣ ቋጥኙ ከእግርህ ሥር ነው። ምልክት አይጻፍም፤ አባት ለልጁ ባሕር ላይ በጣቱ ያሳየዋል። ክላሪን አባቱ አሳይቶታል። ክላሪ ልጅ የለውምና ሊንዚን መረጠ። ሐኪሙ ግን የዓይኑ መሀል እየጠፋ እንደሚሄድ፣ መነጽርም እንደማይመልሰው ነግሮታል።

«በቃል ንገረኛ» አለው ሊንዚ።

«በቃል የሚነገር ቢሆን ድሮ መጠጥ ቤት ለፍልፌ ጨርሼው ነበር። ጥዱማ ሞልቷል፤ የትኛው እንደሆነ እዚያ ቆሜ ካላየሁት አላውቀውም።»

ሊንዚ ምክር ሊጠይቅ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ዓሣ የሚጸዳበት ጠረጴዛ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የከተማው ጡረተኞች እየተቀመጡ፣ ጀልባ የሚያወርደውን ሰው ሁሉ ይዳኛሉ።

«ላንድክሩዘር ካልሆነ ጀልባዋን ሽጣት» አለ አንዱ።

«እሱን አትስማው፤ ሚስቱንም የመረጠለት ወንድሙ ነው» አለ ሌላው። «ፓትሮል ያልነዳ ሰው መኪና ነዳሁ አይበል።»

የሁለቱ ወገን ልጆች ተጋብተው እንኳ የገና ምሳ የሚበሉት በተለያየ ጠረጴዛ ነው። የራሱን መኪና ያልመከረ ሰው አልነበረም፤ መኪና የሌለው አንድ ሰው ብቻ ሁሉንም መከረ።

ሊንዚ ሁሉንም አመነ። አንዱ መኪና ጉልበት አለው፤ ግን አጭር ስለሆነ ጀልባዋ እንደ ጭራ ታወዛውዘዋለች ተባለ። ሌላው ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን ሹፌሩ ብቻውን፣ ያውም ቁርስ ሳይበላ ከሆነ ነው። ነዳጁ ይመዘናል፣ የዓሣው በረዶ ይመዘናል፣ መንጠቆው ሳይቀር ይመዘናል።

«ኖሊን፣ ክብደትሽ ስንት ነው?» አለ አንድ ቀን ከኩሽናው በር ላይ።

«ለምን ፈለግከው?»

«ለመኪናው።»

የዕቃ ማድረቂያው ጨርቅ ፊቱ ላይ አረፈ። «እኔን እዚሁ ተወኝና በምትኬ በረዶ ጫን!»

ሊንዚ ጨርቁን ከፊቱ እያነሳ አሰበበት፤ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም።

ፋሲካ መጣ። የከተማው ጀልባ ሁሉ ወጣ።

«ገዛህ?» አለ ክላሪ በአጥሩ ላይ።

«ሁለት ቀርተውኛል።»

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። «ገዛህ?»

«ሦስት ቀርተውኛል።»

«ሙሴ እንኳ ባሕሩን ከዚህ ቶሎ ተሻግሯል» አለ ክላሪ፤ «እሱ ደግሞ መኪና አልነበረውም።»

ሁለተኛው ፋሲካ ሲቃረብ ኖሊን ፖስታ ቤት በር ላይ ከክላሪ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። ክላሪ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «እንደምን አደርክ፣ ጌታው» አላት። ኖሊን ደብዳቤዋን ሳትቀበል ተመለሰች።

«ዛሬ ግዛ» አለችው ሊንዚን። «የፈለገው ዓይነት ይሁን፤ ቀለሙ ሮዝ ቢሆንም ግድ የለኝም። አለዚያ ጀልባዋን ዶሮ አረባባታለሁ።»

ነጭ መኪና ተገዛ፤ የኖሊንን ኩሽና የሚያህል። በነጋታው የከተማው ሰው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣ። አሸዋ ላይ ከመውረድ በፊት ከጎማው አየር መቀነስ እንደሚገባ እዚያ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቃል። ሊንዚም ያውቃል። ነገር ግን ጎማዎቹ አዲስ ነበሩ፤ እንደ ተነፋ ኳስ ድንቡሽ ብለው ሲያያቸው አሳዘኑት። ደግሞስ ይህን ያህል የተመረጠ መኪና!

ውሃው ጋ ሳይደርስ መኪናው እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሊንዚ ነዳጅ ሲሰጠው የቀረውም ገባ።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ካሉት ጡረተኞች አንዱ፣ «ሲጎትት ሦስት ቶን ተኩል ነው ብለኸን ነበር። ሲቀበርስ ስንት ነው?» አለ።

ኖሊን ወደ ሰፈር ተመለሰች። የስንዴ ገበሬ ልጅ ናት። ስትመጣ የክላሪን ትራክተር እየነዳች ነበር፤ ክላሪ ከጎማው መከለያ ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ትራክተሩ እያሳለ መጀመሪያ መኪናውን አወጣ፤ ከዚያ ጀልባዋን አዙሮ፣ እንደ ሕፃን በጀርባዋ ውሃው ላይ አስተኛት።

«ውታፏስ?» ብሎ ጮኸ ክላሪ።

ሊንዚ ኪሱን መታ መታ አደረገና አውጥቶ ቀዳዳዋን ደፈነ።

ይህ ሁሉ ቢጻፍ ሊንዚ ቅር አይለውም። መኪናው መቀበሩ ይጻፍ፣ ትራክተሩም፣ የኖሊን ክብደትም፤ የከተማው ሰው ሁሉ አይቶ ስቋል። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ጸሐፊውን ለመነ፤ እሱም ይህ ነው።

ሊንዚና ክላሪ ሁለቱ ብቻ ወጡ፤ የብስ ከኋላቸው ቀጭን ክር ሲመስል ክላሪ «አቁም» አለ። ተነስቶ የጀልባዋን ጠርዝ በአንድ እጁ ጨበጠ፤ በሌላው ጠቆመ። «ያውልህ ጎተራው። ከኋላው ያለው ጥድ ልክ ሲገጥመው ነው። አየኸው?»

ጣቱ የቀናው ወደ ባዶው ባሕር ነበር።

ሊንዚ ሳያስበው የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። ምንም አልነበረበትም፤ ውታፏ ቦታዋ ላይ ነበረች።

«አየሁት፣ ክላሪ» አለ። «ልክ ገጥሟል።»