የእማማ በየነች ግድግዳ

ይህን ነገር ባሌ ሳይሰማው ሞተ። ለነፍስ አባቴም «ጾም ሻርኩ፣ ሰው አማሁ» እያልኩ ስናዘዝ ኖሬ ይቺን አንዷን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ዛሬ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። እርጅና ይሁን ሌላ እንጃ፣ ሰሞኑን ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ደጋግሞ ይሰማኛል፤ በተሰማኝ ቁጥርም ልክ እንደዚያን ቀን ክው እላለሁ። እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት? አዎ፣ እኔ ነኝ።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ባሌ ታደሰ ቡታጅራ ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ከመንዝ ይዞኝ መጣ። ገና ልጅ ነበርኩ፤ የባለሥልጣን ሚስት መሆን ግን ቶሎ ለመደብኝ። ሴቱ ሁሉ «እትዬ አስካለ» ይለኛል፤ ገበያ ስወጣ መንገድ ይለቀቅልኛል። ቅቤ የሚያመጡልኝን እማማ በየነችን፣ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሴት፣ «አንቺ» እላቸው ነበር። እሳቸው እኔን «እርስዎ» ይሉኛል። ዛሬ አንቱ ብዬ ስጽፍ ጨዋነት አይደለም፤ ዘግይቶ የመጣ እፍረት ነው።

እኛ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቶች ለገና ቤት በማስጌጥ እንፎካከር ነበር። የጥድ ቅርንጫፍ አቁመን ጥጥ እንበትንበታለን፤ ግድግዳው ላይ የፕላስቲክ አበባና ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል እንለጥፋለን። ያን ዓመት ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት ፈረንጅ ቤቷ ጠራችን። የእነሱ ገና ከእኛው ቀድሞ ነው የሚውለው። ገብተን ያየነውን ማመን አቃተን። ገበቴ ግድግዳ ላይ፣ ሰፌድ ግድግዳ ላይ፣ የቀንድ ማንኪያ በክር ታስሮ ጥዱ ላይ! «ምስኪን፣ ዕቃ ማስቀመጫ የላትም መሰለኝ» ብዬ ሴቶቹን አሳቅኋቸው። ከኋላችን የገቡት የዳኛው ባለቤት ግን ቆም ብለው ዙሪያውን ካዩ በኋላ «ጌጥ ማለት እንዲህ ነው፤ የገበሬ ቤት ይሸታል» አሉ። ሳቃችን ባንዴ ደረቀ። በማግስቱ በየቤታችን የፕላስቲክ አበባው ወረደ።

ዳኛውና ባለቤታቸው የኛን ገና እኔ ቤት ሊውሉ ተጠርተዋል። እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ገበያ ወጣሁ፤ ያለው ሁሉ አዲስ ዕቃ ነው፣ ገና ጭቃ ጭቃ የሚል። እኔ የፈለግሁት የቆየ፣ ዘመን የጠገበ ነው። የቆየ ዕቃ ደግሞ በዚያ አገር ገበያ አይወጣም። ያኔ ነው እማማ በየነች ትዝ ያሉኝ።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ እንሰት መሀል ነው። ስገባ ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ዓይኔን ያዘው። በቅቤ ታሽተው የጠቆሩና የሚያብረቀርቁ የክትፎ ጣባዎች በየመጠናቸው ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው ገበቴዎች፣ በጎን የቀንድ ዋንጫና ማንኪያ፣ ከታች በቀለም የተሠሩ ሙዳዮች። በዚያ አገር የቤቱ እመቤት ማንነት የሚታየው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከአማት ወደ ምራት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ዕቃ ነው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ እኔም እሱን አየሁ።

አደነቅሁ። በርጩማ አቀረቡልኝ። ደግሜ አደነቅሁ። የጸሐፊ ሚስት ባለጉዳይ ቤት ገብታ ዕቃ ስታደንቅ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ብል ኑዛዜዬ ራሱ ውሸት ይሆናል። እማማ በየነች ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከባላቸው ወንድም ጋር በድንበር ይካሰሱ ነበር፤ መዝገቡም ባሌ እጅ ነበር። ታደሰ ደግሞ «ከባለጉዳይ ቤት እንቁላል እንኳ እንዳይገባብኝ» የሚል ሰው ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሦስተኛ አደነቅሁ።

«እትዬ፣ ለበዓሉ ካማረዎት ይውሰዱት» አሉ እማማ በየነች። «ግን በሞቴ፣ ከጥምቀት በፊት ይመልሱልኝ። ዘነበችን የጠየቁ ሰዎች አሉ። ሽማግሌዎቻቸው ቤት ሊያዩ ይመጣሉ፤ ባዶ ግድግዳ አሳይቼ ልጄን እንዳላሳፍራት።»

«ምን ሆነሻል! በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ነዋ» አልኳቸው።

ዕቃውን ያወረደችው ዘነበች ራሷ ናት። እያንዳንዱን ጣባ በኮባ ጠቅልላ፣ ተሸክማ እስከ ቤቴ አመጣችልኝ። ሳሎኔ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥታ የሰቀለችልኝም እሷ ናት። ስለሚያገባት ልጅ ስጠይቃት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር፤ ወዳዋለች ማለት ነው። ማታ ታደሰ ግድግዳውን አይቶ ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ «ከገበያ ገዛሁት» አልኩት። የመጀመሪያዋ «ገዛሁት» ያቺ ናት። ቀላል ነበረች፤ እንደ እንትፍታ ነው ከአፌ የወጣችው።

የገና ዕለት ቤቴ አማረ። ቄጠማ ተጎዘጎዘ፣ የጥዱ ጥጥ ከጥቁሮቹ ጣባዎች አጠገብ ሲታይ ዓይን ይስባል። የዳኛው ባለቤት «አስካለ በለጠችን!» ሲሉ ደስታዬ መያዣ አጣ። ከእንግዶቹ አንዱ አቶ ክንፉ ነበሩ፤ ከተማው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አዲስ አበባም ሱቅ ያላቸው የአገሩ ሰው። ብርጭቋቸውን እንደያዙ ግድግዳው ሥር ቆመው ቀሩ። ትልቁን ጣባ በሽቦ የተጠገነበት ቦታ ላይ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ የበየነች ጣባ አይደለም እንዴ?»

ዳኛው ዞር አሉ። ታደሰ ዞር አለ። ተውሼ ነው ብል ዳኛው ፊት ከባለጉዳይ ዕቃ ያስገባሁ ልሆን ነው፤ ባሌም መዋሸቴን ሊያውቅ ነው። ይህን ሁሉ አስቤ ነው እንዳልል፣ ለማሰብም ጊዜ አልፈጀሁም።

«አዎ፣ ገዛሁት» አልኩ።

«ሸጠችልዎት?»

«ሸጠችልኝ።»

አቶ ክንፉ ጣታቸውን ከጣባው ላይ አነሱ። «እንግዲያው ደህና» አሉ ቀስ ብለው። «እኛ እንኳ ለወንድሜ ልጅ የሷን ልጅ ጠይቀን ነበር።»

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የልጁ አጎት እሳቸው ይሆናሉ ብዬ በምን ልገምት? ግን ባልገምትስ? ሰምቻለሁ እኮ። እዚያው ቆመው ነበር፣ እጄን ዘርግቼ የምደርስባቸው ቦታ። «ቀልዴን ነው፣ የትውስት ነው» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን ለዳኛው ጠላ ቀዳሁ። አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳላፈሰስኩ አስታውሳለሁ፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ዕቃውን መለስኩ። ቃሌን ጠበቅሁ እኮ! ጥምቀት አለፈ፤ የዘነበች ሽማግሌዎች አልመጡም። ጥቂት ቆይቶ እማማ በየነች ቅቤ ሳይዙ መጡ። የላኩባቸው መልስ «ግድግዳዋን አውርዳ ከሸጠች ሴት ቤት ልጅ አንወስድም» የሚል ነው። በዚያ አገር እንዲህ የተባለች ሴት ባሏ የተወላትን ቤት እንደበተነች ነው የምትቆጠረው።

«አቶ ክንፉ ከእርስዎ አፍ ሰማሁ ይላል» አሉኝ። «እኔ አላመንኩትም፤ ጆሮው ነው፣ ጫጫታ ነበር አልኩ። እትዬ አስካለ እንዲህ አይሉም አልኩ። ዕቃው ይኸው ግድግዳዬ ላይ አለ ብል፣ ወሬው ሲሰማ ለምና አስመልሳው ነው ይላሉ። እሑድ ሽማግሌዎቹን ለምኜ አስቀምጣቸዋለሁ። መጥተው አንድ ቃል ብቻ ይበሉልኝ። ተውሼ ነው ይበሉልኝ፣ ልጄን ያትርፉልኝ።»

«እመጣለሁ» አልኩ። አስቡት፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት። አመኑኝ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እንኳ አልከለከልኳቸውም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ነጭ ቀሚሴን አላወለቅሁም፤ የምሄድ መስዬ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። የታደሰ ዝውውር ወደ አዲስ አበባ ተጠይቆለት መልስ እየተጠበቀ ነበር። ሽማግሌ ፊት የተናገርኩት ለዳኛው ጆሮ ሳይደርስ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ምክንያቴ ይሄው ነው፤ አያችሁት፣ ምክንያት እንኳ አይደለም። የአንዲት ልጅ ትዳር በአንድ በኩል፣ የእኔ አዲስ አበባ መግባት በሌላ በኩል። መዘንኩ። እኔ ከበድኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲጠብቁ ቆይተው ዘነበችን ላኳት። በመስኮት አየኋት፤ ሮጣ መጥታ ነው መሰለኝ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ሠራተኛዬን «አሟታል በያት» አልኳት። ልጅቷ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። «እግዜር ይማርዎት በይልኝ» ብላ ተመለሰች። በጥርጣሬ አላለችውም። ከልቧ ነው ያለችው።

እኔ አለመምጣቴ ለሽማግሌዎቹ ምስክርነት ሆነ። ተነሥተው ሄዱ፤ ነገሩም ፈረሰ። በዚያው ሳምንት አንድ ተሸካሚ ሙሉ ኮባ ሸክም አምጥቶ ደጄ ላይ አወረደ። ጣባው፣ ገበቴው፣ ዋንጫው፣ አንድም አልቀረም። እማማ በየነች የላኩት መልእክት አጭር ነው፦ «የገዛችው ዕቃ ነው፣ ከቤቴ ይውጣ።» እርስዎ መባሌ ቀረ፤ ቅቤውም ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

እና ዕቃውን ምን አደረግሁት ትሉኛላችሁ? ዝውውሩ ሲመጣ፣ የዳኛው ባለቤት ሲሸኙኝ፣ ማስታወሻ ብዬ ሰጠኋቸው። ሙሉውን። እሳቸው «እንዴት ጨክነሽ?» ብለው ሳሙኝ። እንግዲህ በምን ቃል ልስደበው ይህን የእኔን ገላ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ግን ወለምታ ነበር እንዴ? ወለምታ አንዴ ነው። እኔ ለባሌ ዋሸሁ፣ ለአቶ ክንፉ ዋሸሁ፣ በመስኮት እያየኋት ለዘነበች ዋሸሁ።

ዘነበችን ከብዙ ዘመን በኋላ መርካቶ አየኋት። ቅቤ ትሸጣለች። ወፍራለች፣ ሸብታለች፤ ለደንበኛዋ ስትስቅ ነው የለየኋት። ትዳር ይኑራት አይኑራት፣ እናቷ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ልጠይቃት አልቻልኩም። ያስቀመጥኩትን ዘንቢል አንሥቼ በሌላ መንገድ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቅቤ የምገዛው ከሌላ ሰፈር ነው።

እናንተን ማሩኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፣ ልትምሩኝም አትችሉም። ይህን ሁሉ ለእናንተ የጻፍኩት ስለማታውቁኝ፣ ስለምትቀሉኝ ነው። መናገር ያለብኝ ለእሷ ነው። አውቶቡሱ ከደጄ ተነሥቶ መርካቶ ያወርዳል። ዛሬም ጠዋት ለብሼ ተነሣሁ፤ ዛሬም አልሄድኩም።