የእህቴ ግራ ጉንጭ

የፊት ጠባሳ የክብር ምልክት አይደለም። ነው የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸው ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ያውም በጽሑፍ። ጦርነቱ ወሎ ሳይደርስ፣ ጠባሳ ሰውነት በራሱ እጅ የጻፈው ታሪክ ነው የሚል መጣጥፍ አሳትሜ ነበር። የፊታቸውን ሽብሽባትና ጠባሳቸውን በመርፌ የሚያስሞሉ ሰዎችንም እዚያው ላይ አላገጥኩባቸው። ሥራ የፈታ ሀብታም ቅብጠት ነው አልኩ። ዓረፍተ ነገሮቹ ያምሩ ነበር። ሐሳቡ ግን ውሸት ነበር፤ ውሸት መሆኑን ያስተማረችኝም ታናሽ እህቴ ናት።

እህቴ መርሳ ውስጥ በዋናው መንገድ ዳር ጸጉር ቤት አላት። ሹሩባ ትሠራለች፣ ሙሽራ ታዘጋጃለች፣ የመንደሩንም ወሬ ታበጥራለች። በመጀመሪያው የጦርነት ክረምት ውጊያው ወደምንኖርባት ወልድያ ሲጠጋ እናታችንን ይዤ ወደ እሷ ሸሸሁ። መርሳ ይሻላል ብዬ ከጎረቤቶቼ ጋር ሙሉ ቀን ተከራክሬ፣ ሁሉንም ረትቼ ነበር የወጣሁት። ጦርነቱም በዚያው አስፋልት ተከትሎን መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ መሣሪያ ሰፈራችን ውስጥ ወደቀ። እህቴ ማድቤት ነበረች። ከጣሪያው የተገነጠለ ቆርቆሮ ግራ ጉንጯን ከዓይኗ ሥር እስከ አፏ ጥግ ሰነጠቀው። ጤና ጣቢያው በዚያ ሰሞን ሐኪምም መድኃኒትም አልነበረውም። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ግን ነበሩ፤ እጃቸው ብርጭቆ ሲይዝ እንኳ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ። የልብስ ክርና መርፌ በፈላ ውኃ ቀቀሉ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ።

«ማደንዘዣ የለኝም የኔ ልጅ። ያለኝ ዱዓ ነው። አብሽሪ» አሏት።

እኔ ጭንቅላቷን ያዝኩ። የሽማግሌው እጅ ፊቷን ሲነካ መንቀጥቀጡን ተወ። ሲጨርሱ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉና፣ «አላሳመርኩትም። ዘጋሁት» አሉ።

ዘግተውታልም። ቁስሉ ሳይመረቅዝ ዳነ፤ እህቴም በሕይወት አለች። የማመሰግናቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ መጀመሪያው ግን እኚህ ሰው ናቸው።

ጠባሳው ግን ሰርጉዶ ቀረ። አመልካች ጣት የሚያስተኛ ቦይ ነበር፤ ስትስቅ ጉንጯን ወደ ውስጥ ይስበዋል። አካባቢው ሲረጋጋ እኔና እናቴ ወደ ወልድያ ተመለስን፣ እሷም ጸጉር ቤቱን ከፈተች። በበልጉ ልጠይቃት ስሄድ ወንበሩን ከመስታወቱ አዙራ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጋው አገኘሁ። ደንበኞቿ አዲስ ፋሽን መስሏቸዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ጸጉር የምትሠራ ሴት ቀኑን ሙሉ ከደንበኛዋ አናት በላይ የገዛ ፊቷን ታያለች።

አዲስ አበባ ሄጄ ላስሞላው ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ስለሆንኩ ትምህርት ጀመርኩ።

«ጠባሳሽ ታሪክሽ ነው።»

«ታሪክ ከፈለግህ ቤትህ ሙሉ መጽሐፍ ነው። እኔ የምፈልገው ጉንጭ ነው።»

«ለሰው ዓይን ብለሽ ፊትሽን በመርፌ…»

«ጋሼ፣ ቆይ። አሁን ስትገባ ስንቴ ሳምከኝ?»

«እንደ ወጉ ነዋ። ሦስት፣ አራት ጊዜ።»

«የት የት?»

በልቤ ቆጠርኩ። በእኛ አገር ሰላምታ ቀኝ፣ ግራ፣ ደግሞ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ እያለ ናፍቆቱ እስኪወጣ ይቀጥላል። አሁን ሳስበው ግን ቀኝ ጉንጯን ስሜ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ፣ እንደገና ቀኙን ስሜ ነበር።

«ሁሉም እንዳንተ ነው» አለች። «ቀኜን ይስሙና ግራው ጋ ሲደርሱ እጄን ይጨብጣሉ። እማ ግንባሬን ትስማለች። ደንበኞቼ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ሰበቅ አድርገው ይመልሱታል። ከዳነ ስንት ወሩ! እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደሚደማ ሰው ነው የምሳመው።»

«እንዳያምሽ ብለን እኮ ነው።»

«አያመኝም። ጉንጭ ነው።»

ክርክሩን ተረታሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህ ብርቅ መሆኑን ይመሰክራሉ።

ወሬው ወልድያ ሲሰማ አንዲት ጎረቤታችን የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው ብላ እናቴ ድረስ ሄደች። እናቴ ከትዳሯ ጀምሮ በክርክር ተሸንፋ አታውቅም። «አላህ ሲፈጥራት እኮ ቆርቆሮ አልነበረባትም!» ብላ መለሰቻት። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ። እኔ አሥር መጽሐፍ ብጠቅስ እንዲህ አላሳጥረውም ነበር።

አብሬያት ሄድኩ። ውርጌሳ ላይ ሚኒባሱን ያስቆመ ፈታሽ መታወቂያዋን ትቶ ጉንጯን አየ።

«ጀግናዋ፣ የትኛው ግንባር ላይ ነው የቆሰልሽው?»

«ማድቤት» አለችው።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ፈታሹም ሳቀና አሳለፈን። እሷ ግን እስከ ደሴ ድረስ ነጠላዋን ግራ ጉንጯ ላይ እንደያዘች ተቀመጠች። ጠባሳ ክብር ነው የሚለውን መጣጥፌን ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ ቀደድኩት።

አዲስ አበባ ያገኘናት የቆዳ ሐኪም ወሬ የማታበዛ ሴት ነበረች። ጠባሳውን በጣቷ ዳበሰችው። አላደነቀችም፤ ከንፈሯንም አልመጠጠችም።

«ማን ነው የሰፋሽ?»

እህቴ ስለ ልብስ ክሩና ስለ ሽማግሌው ነገረቻት።

«ስትመለሺ እጃቸውን ሳሚልኝ» አለች ሐኪሟ። ከዚያ የምታደርገውን አስረዳች። ጠባሳው ከቆዳው ሥር እንደ ክር ሆኖ ጉንጩን ወደ ውስጥ ስቦ ይዞታል፤ መጀመሪያ ያንን በመርፌ ጫፍ ታላቅቃለች፤ ባዶ በሆነው ቦታ ጄል ትሞላለች። ፊለር የሚሉት እሱ ነው። መስመሩ አይጠፋም፤ የሚሞላው ጉድጓዱ ነው። ለዘለዓለም አይቆይም፤ ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ተኩል፣ ሰውነት ቀስ እያለ ይመጠዋል። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ የሚችለውንና የማይችለውን በዚህ አጭር ቃል የነገረኝ ጸሐፊ ግን አላስታውስም።

ማደንዘዣ ክሬም ቀብታ አቆየቻት። ይኼኛውን መርፌ ከፊተኛው የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ እህቴ ማንም ጭንቅላቷን ሳይዛት ጨረሰች። ክር ሲበጠስ የሚሰማ የመሰለ ድምፅ ሰማሁና ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ ጉንጯ አብጧል፣ ቀልቷል፤ ቦዩ ግን የለም። ቦታው ሞልቶ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ሐኪሟ የእጇን ዋጋ እንደማትቀበል፣ የመድኃኒቱ ብቻ እንደሚበቃ ነገረችን። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እርስዎስ? የግንባርዎ ሽብሽባት ጥልቅ ነው።»

«ከንባብ የመጣ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ከመኮሳተር ነው።»

እህቴ ግማሽ ፊቷ እንደደነዘዘ በግማሹ ሳቀች። ስትስቅ ጉንጯ ወደ ውስጥ አልተሳበም። እሷ ራሷን አላየችም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ስለዚያች ሳቅ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ልንወጣ ስንል እህቴ በሩ ላይ ቆመች።

«መሳምስ?»

«ሁለት ሳምንት የለም። መጫን የለም፣ ማሸት የለም፣ መሳም የለም።»

እንዲህ ሆነና፣ ለመሳም ስትል ያን ሁሉ መንገድ የሄደች ሴት መሳም ተከልክላ መርሳ ገባች። ደጇ ላይ የመጣውን ሁሉ መዳፏን ዘርግታ «ቆይ! ገና ነው!» እያለች ትመልስ ነበር። አንዷ ደንበኛዋ፣ «ሲሚንቶ ነው እንዴ የሞሉሽ፣ ውኃ እናጠጣው?» አለቻት። የድሬሰሩን እጅ ግን በዚያው ሳምንት ሄዳ ሳመች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጉንጯን ብዙ አዩትና፣ «ማሻአላህ። እኔ የዘጋሁትን እሷ ሞላችው» አሉ።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ወንበሩን ወደ መስታወቱ መለሰች። ሁላችንም ግራ ጉንጯን መሳም ጀመርን። ግን እንዴት እንደሳምናት ልንገራችሁ፤ እንቁላል የምንስም ይመስል ነበር። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠጋው። እናቴ ከወልድያ ወርዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በከንፈሯ ነካ ብቻ አደረገችው። በኋላ ለብቻችን ስንሆን እህቴ፣ «መርፌው የሱን ሥራ ጨርሷል። የቀረው የናንተ ነው» አለችኝ።

በሁለተኛው ክረምት ውጊያው ተመልሶ መጣ። የወልድያ ሰው ሲሸሽ እኔና እናቴ ጭነት መኪና ላይ ተሰቀልን። ሲሪንቃን ስናልፍ ማሽላው ገና ወገብ አልደረሰም፤ መንገዱ በእግረኛ፣ በአህያና በፍራሽ ተሞልቷል። እናቴ የአንድ እግሯ ጫማ ወድቆባታል። መርሳ ላይ መኪናው የቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እህቴን ይዘን ወደ ደሴ ልንቀጥል ነበር።

እህቴ ከጸጉር ቤቱ ሮጣ ወጣች። እናቴ ዘላ ወርዳ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘችና ትስማት ጀመር። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። «አልሐምዱሊላህ፣ አለሽልኝ! አልሐምዱሊላህ!» እያለች፣ በአቧራማ ከንፈሯ፣ ድምፁ እስኪሰማ። የትኛው ጉንጭ የትኛው እንደሆነ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። እኔም ቀጠልኩ፤ ትንፋሼን አልያዝኩም።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ጦርነቱን ፈርታ መስሏት፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» አለቻት። እህቴ ግን ከእናቷ ትከሻ በላይ እኔን እያየች ነበር፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። «መሳሳሙ ደሴ ይደረጋል!» ብሎ ጮኸብን።

አለፈ። ተመልሰናል፤ ጸጉር ቤቱም ክፍት ነው፣ ወንበሩም ወደ መስታወቱ እንደዞረ ነው። ጄሉ ግን ሐኪሟ እንዳለችው ቀስ በቀስ እየተመጠጠ ነው። በመጀመሪያ ቦዩ ስትስቅ ብቻ ይታይ ነበር፤ አሁን ዝም ስትልም ይታያል። እንደገና ልታስሞላው ትፈልጋለች፤ መንገዱና ጊዜው ሲፈቅድ ትሄዳለች፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ትምህርት አልሰጣትም። ከዓመት ተኩል ለማያልፍ ጄል ይህን ያህል ማመስገን ለሚገርማችሁ፦ እኔም ይገርመኛል። ግን የማመሰግነው ስላሳመራት አይደለም። ከንፈራችን የረሳውን መንገድ ስላሳየን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ግራ ጉንጯን አስቀድማ ሰጠችኝ። ልትፈትነኝ መሆኗ ገባኝ። ቦዩ ላይ ሳምኳት፤ ደግሜም ሳምኳት። «አለፍክ» አለችኝ።

እናንተም ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ታውቃላችሁ፤ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ስለ ክብርና ስለ ታሪክ አትንገሩት። ዛሬ ሂዱና ጠባሳው ላይ ሳሙት።